አምስተኛው መስመር

ቅጹ አራት መስመር ነው፤ አራት ልጅ ይይዛል፤
አምስተኛ ሲጻፍ ከማኅተሙ ላይ ይወጣል።

እኔ መዝጋቢ ነኝ፣ የወረዳ ጸሐፊ፣
በአንዲት እስክሪብቶ አቃፊና ገፊ፤
መስኮቴ ጠባብ ናት፤ ፊት አታሳየኝም፣ እጅ ነው የማየው፣
ጌታና ድኻውን በመዳፉ ቆዳ፣ በጥፍሩ ነው የምለየው።

ማክሰኞ ቢሮው ሲከፈት አንድ እጅ ተዘረጋ፣
በረኪና የበላው፣ የሰው ልብስ ሲያጥብ የኖረ፣ ክረምት ከበጋ።

«ስም?»
«አስካለ ወልደየስ።»
«ሰፈር?»
«እሪ በከንቱ፣
ግንብ ተደግፎ የቆመው የቀበሌ ቤት ነው፣ ቢጠፋም ቁጥሩና ምልክቱ።»
«ስፋቱ?»
«በርምጃ ነው የማውቀው፤ ከበር እስከ አልጋ ሦስት፣
ከአልጋ እስከ ግድግዳ አንድ፤ እሱም ልጅ ካልተኛበት።
ቆጥ ሠርተን ነበር፤ ቆጡ ላይ ሌላ ቆጥ ተሠራ፤
ሌሊት የላይኛው ሲገላበጥ ለታችኛው ይዘንባል አቧራ።»

«ልጆች?»
ጣቷን ማጠፍ ጀመረች።
«ምትኩ።» ጻፍሁ። «ስንታየሁ።» ጻፍሁ። «ሙሉዬ። ከዚያ ይበቃል።»
«ይበቃል?» አልሁ። ሳቋ በጣቶቿ መጣ፤ እጅም ለካ ይስቃል።
«በቃን ብለን ነው ያወጣንለት፣ አባቱ ሳለ በጤና፤
ትንሿ ጣቴ ቀረች፤ ትርፌ ናት፤ ሰባት ዓመት ቆይታ መጣችና።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።
ነጋዴ ትርፍ ሲያገኝ ሌላ ደብተር ይገዛል፣
እናት ትርፍ ስትወልድ ቅጹ ያልቅባታል።

ወሬ ለማስለወጥ ያህል ስለ ኮንዶሚኒየም ጠየቅኋት።
«የዘጠና ሰባት ነኝ። ስቱዲዮ ነው የሞላሁት፤ ያኔ ምትኩ ሆዴ ውስጥ ነበረ፤
አሁን ሚስት ላምጣ ይለኛል፣ ጢሙን እያበጠረ።
ዕጣ የወጣ ዕለት ጋዜጣ እገዛለሁ፤ በጣቴ እወርዳለሁ ከአ ፊደል፤
አስካለ ይገኛል፤ የአባቷ ስም ግን ሌላ፤ የኔ አይደል።»

ልጅ በዕድሉ ያድጋል ሲባል ሰምቻለሁ፤
ቤት በዕጣ ነው ሲባል ራሴ ጽፌያለሁ፤
ዕድልና ዕጣ የሚገናኙበትን ቢሮ ግን አላውቀውም፣
አሥራ ሰባት ዓመት ስሠራ ያልረገጥሁት ኮሪደር የለም።

ወደ ላይ የምልከው ሪፖርት ልጅ አይልም፤ «ጭማሪ» ይላል፣ «ጫና» ይላል፤
ጫና ያልሁት ፍጥረት ቆጥ ላይ ተኝቶ አውራ ጣቱን ይጠባል።

ትርፌን ከፊርማው ቦታ፣ በትንንሽ ፊደል ሸጎጥኋት፤
ሐሙስ ቅጹ ተመለሰ፣ ቀይ መስመር ተሰምሮባት፦
«ተበላሽቷል። በአዲስ ይሞላ። ከአራት አይበልጥም።»
እጇ እንደገና መጣ። «አንድ ተርፏል፤ ማንን ልተው?» አልሁ፤ አልተንቀጠቀጠም።

ከደጅ ክሬኑ ዞረ፤ ሃያ ሁለት ፎቅ፣ አዲስ መስታወት፣
ማታ መብራት የሚታይበት፣ ቆጥሬያለሁ፣ ሦስት።

«ይበቃልን ሰርዘው» አለችኝ ቀስ ብላ፤
«እሱ ሊስትሮ ነው፣ ይችለዋል። በእሱ ቦታ ትርፌን ጻፍልኝ፣ ትብላ።»

ሰረዝሁት። ይበቃል የሚለውን ቃል በገዛ እጄ ሰረዝሁት፤
ቀለሙ ሳይደርቅ ማኅተም መታሁበት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ይህንን ስጽፈው፣ ከኮምፖርሳቶው ማዶ ልጄ ሲያስል ሰማሁ፤
ስንኙን በጣቴ፣ እንደ እሷ እያጠፍሁ፣ አንድ ሁለት ብዬ ቆጠርሁ፤
አራቱን መስመሮች አንድ ፊደል ሰጥቼ ቤት ሲመቱ አየሁ፤
ከታች ፊርማ ላኖር፣ እንደ ልማዴ፣ እስክሪብቶ አነሳሁ፤

አምስተኛዋ መጣች፤ ቤት የላትም፤ ደጅ ላይ ቆማለች።