የመረቡ ማኅተም

አሞራ ገደል ላይ፣ ሌቱ ሳይገፈፍ፣
አባ ኮዳ ሁሉ ቆሞ በሰልፍ፣
ራሱ መላጣ፣ ካባው የጠቆረ፣
ላሳ አንጀት ብሎ ደጅ ሲጠና ያደረ።

መረቤን ስጎትት፣ ክንዴ በድካም ዝሎ፣
ከእርሳሶቹ መሃል አንድ ናስ አለ ክብ፣ በሲባጎ ታዝሎ።
ማኅተም ነው። የሰው ነው። የምንዥላቴ ነው፣
ወሰንየለህ ብላ እናቱ የጠራችው፣
አቤቶ ተብሎ አልጋ የናፈቀው።

ወንድሙ ዘውድ ሲጭን ለሱም አልነፈገ፤
ለልዑል የሚሆን የብር ሰንሰለት በልኩ አደረገ።
ያን ሌት አመለጠ፣ አስራ ሁለት ሰው ይዞ፣
ደቡብ ደቡብ ብሎ፣ ከበቅሎው ላይ ፈዝዞ።
አዋሽን ሲያቋርጥ አምስቱ ተመለሱ፣
ሦስቱን ወባ በላቸው ዝዋይ ሲደርሱ፣
ሦስቱ "ውሃ እንቅዳ" ብለው ሄዱ፤ ይኸው እስካሁን አልደረሱ።
ሐይቁ ዳር የደረሰ ጎንጤ ነው ብቻውን፣
ተሸክሞ ጌታው የሚነግሥበትን በርጩማውን።

ሻሜና ተቀበለው፣ የላም ጌታ፣ የእንሰት፤
ዘሩን አልጠየቀው፣ አላለውም "የማን ነህ? የየት?"
ከእንግዳው መዳፍ ላይ ዓይኑን ጥሎ አየና፣
"ቆፍረህ ታውቃለህ?" አለው በአስተርጓሚ ሻሜና።
ወሰንየለህ ዝም አለ። ጎንጤ መለሰ፤
"ጌታዬ አይቆፍርም" ብሎ፣ ዶማ ተዋሰ።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣
ችሎት ይቀመጣል ከሾላው ስር፣ ፊቱን ሰጥቶ ለሐይቅ።
ጎንጤ አጋፋሪ፣ ጎንጤ ጸሐፌ ትእዛዝ፣
ጎንጤ ከሳሽ፣ ጎንጤ ተከሳሽ፣ ጎንጤ ሌባ የሚይዝ።
ጉማሬው ሲያጓራ "አቤቱታ አለው" ይላል፣
"ነገ ይቅረብ" ተብሎ ቀጠሮ ይሰጠዋል።
ከብት የሚያጠጡ ልጆች መጀመሪያ ሳቁ፣
በኋላ ለመዱት፤ "ንጉሡ ተቀመጠ" ሲባል መምሸቱን አወቁ።

ደብዳቤ ይጽፋል። ማኅተሙን ጥቀርሻ ይቀባል።
ለጨው ነጋዴ ይሰጣል፤ ነጋዴው ስሞ ይቀበላል።
ስንቱን እንዳደረሰ፣ በስንቱ ጨው እንደጠቀለለ፣
እሱና አህያው ያውቃሉ፤ ሌላ ምስክር የለ።

በሰባተኛው ዓመት መልስ መጣ፣ አንዲት ብጣሽ፦

"ንጉሡ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው።
ልጃቸው ነግሠዋል። ደኅና ናቸው።
ወሰንየለህ የሚባል ወንድም እንደነበራቸው
በዚህ ቤት የሚያውቅ የለም።
ምናልባት ሌላ ቤት ይሆናል፣ ይጠይቋቸው።"

አላለቀሰም። ፍርድም አልሰጠ ያን ማታ።
በርጩማውን ለጎንጤ ለቀቀለት፣ እሱ መሬት ተቀመጠ በዝምታ።
ቃጫ ሲገምዱ አደሩ ሌሊቱን፣
ሲነጋ ወረወረው ከሐይቁ መረቡን፣
እንዲሰጥምለት ከጫፉ አስሮ ማኅተሙን።

ላም አልቦ የሚኖር አሳ ይጸየፍ ነበር፣
"የውሃ እባብ በላ" አሉት በየሰፈር፤
እሱ ከጎንጤ ጋር ጠብሶ ይበላል፣ ሐይቁን እያየ፣ ሳይናገር።
የሻሜና እኅት አንድ ቀን ቀመሰች፤ እሾህ ስታወጣ ሳቀችበት።
ዘሬ የሚጀምረው ከዚያ ሳቅ ነው፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ከሌለበት።

ዛሬ ሆቴል ቆሟል ችሎቱ በነበረበት፣
ባጃጅ ይጮኻል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ ከሾላው ፊት።
ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሰው "ለሙዚየም ስጥ" አለኝ፤
"መረቤስ በምን ይስጠም?" ስለው፣ ዝም ብሎ አየኝ።

ናሱን አሸዋ ልሶታል። መስቀሉ ጠፍቷል፣ አንበሳውም የለ፣
"ንጉሥ" የሚለው ታጥቧል፣ ከስሙም እኩሌታው ተነቀለ።
"ወሰን"ን አሸዋው በልቶ "የለህ" ብቻ ቀርቷል፣
ጣቴ በጨለማ እየዳሰሰ ያነበዋል፦

የለህ።

"ቆሮሶ ስንት ነው?" ትላለች አንዲት ደንበኛ።
እነግራታለሁ። ትከራከራለች።
አባ ኮዳው አንድ እርምጃ ይጠጋል ወደ እኛ።