የጭጋግ መብራት

ቬርቼሊ ስገባ ቋንቋ የሚባል አልያዝኩም፤
ሰላምታ፣ ይቅርታ፣ ምስጋና — አንዱንም አላውቅም።
ኮምቦልቻ ጋራዥ ግን፣ መኪና ሥር ተንጋልዬ፣
ጣልያንኛ ተምሬ ኖሯል፣ አማርኛ ነው ብዬ፦
ኮፈኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ቡሎን፣ ፍሬቻ፣
ካቻቪቴ፣ ስቱኮ — በዚህች ስንቅ ብቻ
አሮጌ መኪና አራጁ ኦሬስቴ ቀጠረኝ፤
ጓንት ወርውሮ ሰጠኝ።
«ፓራውልት» ስለው እስከ ዛሬ ይስቃል፤
ስሙን እሱ ያውቃል፣ መፍታቱን እጄ ያውቃል።

የኔዋ ነጭ ፑንቶ የርካሽ መጨረሻ ናት፦
ፓራውልቷ ቀለም ያልቀመሰ፣ በእጅ የሚዞር መስኮት ያላት።
ዳሽቦርዷ ላይ ሦስት ቁልፎች — ቁልፍ አይደሉም፣ ክዳን ናቸው፤
ከበስተጀርባ ምንም የለም፣ ቀን ሙሉ ብትጫናቸው።
ሀብታም እህቷ ያላትን፣ ቦታውን ብቻ ይዛ፣
ባዶውን በክዳን ሸፍና ስንት ዓመት ተጉዛ፣
ጥቅምት ላይ ከሩዝ ማሳ ከርከሮ ወጣና
እሱ በእግሩ ሄደ፣ በገመድ መኪና።

ከቅጥሩ ጥግ አንዲት ሰማያዊ ነበረች፣
ያው ፑንቶ፣ ያው ዓመት፤ ከባለጸጋ ቤት የወጣች፦
የጭጋግ መብራት ግራና ቀኝ፣ ቀለም የጠጣ ፓራውልት፤
ጀርባዋን ካሚዮን እስከ ወንበሯ አጥፎት፣
ፊቷ ግን የሙሽራ — ከቀኝ፣ ከታች፣ አንዲት ጭረት።
ኦሬስቴ ተራ በተራ እያያቸው
«አጥንታቸው አንድ» አለኝ፣ «ልብሳቸው ነው የለያቸው።»

እውነቱን ነው። ቡሎኑ ሳይሞረድ ገባ፤
ኮፈኖው ጠቅ፣ ፓራፋንጎው ጥብቅ፤
ካቻቪቴ «ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ» ብሎ አይጠይቅ።

ሽቦ ግን ጠየቀ።
የጭጋግ መብራቶቹ፣ ጅማታቸው ተንጠልጥሎ፣
ከኔዋ ሆድ የሚጨብጥ ጠፋ፣ «ዘመዴ» ብሎ።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብዬ ተረጎምኩለት፤
ኦሬስቴ ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰካና ሳቀበት፦
«ወርቁስ ይሁን፤ ሽቦው የታለ?»

ስቱኮ በጥብጬ፣ ነጩን ቀለም ከፍቼ ሳለ
ሲኞራ ኤርሜሊንዳ መጣች፣ የሰማያዊዋ ባለቤት፣
የባሏን መነጽር ፍለጋ፣ መሳቢያው ውስጥ ረስቶት።
(ከአደጋው ወዲህ አይነዳም፤ መስኮት ዳር ነው የሚውል።)
መነጽሩን አገኘች። ልትወጣ ስትል
የገዛ መኪናዋን ፊት በሌላ ገላ ላይ አየች።
ጎንበስ አለች። ጭረቷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።
ግራ ቀኝ ተመልክታ ድምጿን ዝቅ አደረገች፦
«ይህ የግቢያችን በር ነው። እኔ ነኝ የጫርኩት።
ባሌ ጎረቤቱን ሲረግም አሥራ አንድ ዓመት ሰማሁት።
ቀባው።»
ሄደች። ከቅጥሩ በር ተመለሰች።
«ወይም ተወው።»

ተውኩት። ቀለሙን ከደንኩ።
ፊቷ ሰማያዊ፣ ገላዋ ነጭ ሆና ቀረች፤
የሰፈር ልጆች «ጭንብል» ይሏታል፣ አልተቀየመች።

ኅዳር ላይ ከሩዝ ማሳው ጭጋግ ተነሣ፤
መንገዱን፣ ደወል ቤቱን፣ የራሴን ኮፈኖ ዋጠ ሳይሳሳ።
ቅዳሜን ከኦሬስቴ ጋር ሽቦ ስንጎትት ዋልን፣
ከሰማያዊዋ አንጀት ወደ ነጯ ዘረጋን፤
አንዱን ክዳን ነቅዬ እውነተኛ ቁልፍ ተከልኩ።
ተጫንኩ።
ግራው በራ።
ቀኙ፣ በጭረቷ በኩል ያለው፣ እምቢኝ አለ፣ ኮራ።
ፈታሁት፣ ገጠምኩት። ምንም።
የቀሩት ሁለት ክዳኖች ምን እንደሚደብቁ አልጠየቅኩም።

ይኸው ባንድ ዓይኗ ጭጋጉን ገምሳ ትሄዳለች።
በሲኞራዋ ግቢ በኩል ስናልፍ ማታ ማታ
ከመስኮቱ መነጽር ብልጭ ይላል —
እኛን ይይ፣ ጎረቤቱን ይርገም፣ አልለየሁም —
መሪውን ትንሽ ወደ ግራ እሰብራለሁ፣
ለበሩ ትቼ ሰፊ ቦታ።