መቶኛዋ ሕዋስ

ከታጁራ የመጣው ደም፣ በመስታወት ላይ ደርቆ፣
በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በብስኩት ካርቶን ታጭቆ፣
ማክሰኞ ማታ ሐዋሳ ገባ፣ በጭነት መኪና ጋቢና፤
ሾፌሩ የሰው መድኃኒት መስሎት አቅፎት ነው መሰል፣ ደኅና።

«የማን ነው?» አልኩ።
«የባሕር ኤሊ» አሉኝ ዶክተር ሀመሶ፣
በዓመት አንዴ ከሚስቁት ሳቅ ግማሹ ከንፈራቸው ላይ ደርሶ።
«ከመረብ ያወጧት ናት፣ ታማለች። ነጭ ሕዋሷን ለይልኝ።
አስካለች፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ዓይንስ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የወባ ስላይድ አንብቤ፣
የቱላን፣ የዶሬን፣ የጥቁር ውሃን ትኩሳት ከጣት ጫፍ ሰብስቤ፣
ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። የኔ ውሃ ይሄ ሐይቅ ነው፣
ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ እንደ ሰካራም የሚያውከው፣
አባ ኮዳ እንደ ጡረተኛ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚያንጎላጅበት፣
ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ አንጀቱ እስኪጣልለት።

«ማሽኑን ተይው» አሉኝ ደግሞ፣ «የኤሊ ቀይ ሕዋስ አስኳል አለው፤
ማሽን አስኳል ያለውን ሁሉ ነጭ ነው ብሎ ነው የሚቆጥረው።»
ስንቱን ተማሪ በሰሌዳ ላይ፣ በነጭ ጠመኔ፣
«ቀይ ሕዋስ አስኳል የለውም» ብዬ ያስማልኩት እኔ!

ጎንበስ አልኩ።
ሞላላ ነው ቀዩ ሁሉ፤ እያንዳንዱ አንዳንድ የፓፓያ ፍሬ ውጧል።
ነጩ በመሃሉ፣ እዚህም እዚያም፣ እንደ እንግዳ ብቻውን ተቀምጧል።
ነጭ ይሉታል እንጂ ነጭስ አይደለም፤ ስም ሲወጣ ማን ያያል?

የመቁጠሪያዬ አምስተኛ ቁልፍ ከተጫኑት አይመለስም፤
አምስት የሻይ ሳህን ደረደርኩ፣ ከቤት ቦሎቄ አመጣሁ።
ቦሎቄ አይዋሽም።

ቅንጣቱ እንደ ከሙን ሾል ካለ፣ የሸክላ ቀለም ከያዘ፣
ሄትሮፊል፤ አንድ ቦሎቄ።
እንደ ሰናፍጭ ድቡልቡል ከሆነ፣ ኢዮሲኖፊል፤ አንድ።
እንደ ጥቁር አዝሙድ ተደፍቶ አስኳሉን የሸፈነው
ባሶፊል፤ እሱ ከመቶው ውስጥ አንድ ቢገኝ ነው።
ትልቁ፣ ግራጫው፣ ሆዱ የተቦረቦረው፣ ሞኖሳይት።
የቀረው ሊምፎሳይት ነው፣ ክቡ፣ ሰማያዊ ጠርዝ ያለው፤
ግን ደም አርጊው እሱን መስሎ አጠገቡ ይቆማል፣
በመንትያው መታወቂያ ፈተና እንደሚገባ ወንድም።
እሱ አይቆጠርም። እሱን ከቆጠርሽ አለቀልሽ።

ስልሳ። ሰማንያ ሦስት። አንገቴ እንደ ደረቅ በር ሲንጣጣ፣
ዘጠና ዘጠኝ ላይ መብራት ሄደ።
ጀነሬተሩ እንደ ሁልጊዜው የነዳጅ ፊርማ ይጠብቃል።
የድሮውን ማይክሮስኮፕ፣ ከሥሩ መስታወት ያለበትን፣ ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣
በመስኮቱ በኩል ወደ ሐይቁ አዞርኩት።
አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።
ከውሃው የተነሣ ብርሃን መስታወቷ ላይ አረፈና
ሽቅብ፣ በኤሊዋ ደም ውስጥ አለፈ።

መቶኛዋም ያን ጊዜ መጣች።
ክብ ናት፤ አይ፣ ሞላላ። ጠርዟ ሰማያዊ ነው፤ አይ፣ የለም።
ቅንጣት አላት ብዬ ስጠጋ፣ ባዶ።
የትኛውም ሳህን አልጠራትም። ቦሎቄዬን ይዤ ቆየሁ።

«ሊምፎሳይት ውስጥ አስገቢያት፣ መቶ ይሙላ» አሉኝ ዶክተሩ በስልክ፤
«አንድ ሕዋስ ምን ያመጣል?»

አንድ ምን እንደሚያመጣማ አውቃለሁ።
በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከሸበዲኖ በመጣ ልጅ ስላይድ ላይ
«የለም» ብዬ ፈርሜያለሁ።
ጥጉ ላይ አንዲት ቀለበት ነበረች።
ድጋሚ ያየሁት ከቀብሩ ማግስት ነው።

ሪፖርቱ ላይ ዘጠና ዘጠኝ ጻፍኩ። ከታች፣ በእስክሪብቶ፦
«አንዷን አላወቅኋትም።»

ታጁራ ወሬ አልላከም። ትዳን ትሙት እንጃ።
ቅዳሜ ጋውኔን ስዘፈዝፍ ቦሎቄዋ ከኪሱ ወጣች፣
ውሃ ጠጥታ አብጣ፣ ልጧ በጎኗ ተሰንጥቆ፤
ምን እንደምታወጣ ገና አይታይም።
ሳህን ላይ አኖርኳት።
ስድስተኛ ሳህን።