ግራው ይበርዳል

ጥር ነው፤ ኦውሉ ላይ ባሕሩ ረግቶ መንገድ ሆኗል፣
ዓሣ አጥማጁ በመኪና ማዕበል የነበረበትን ይረግጣል።
ሽማግሌው ቬይኮ መጣ፤ በልጅ መንሸራተቻ
አምፕሊፋየሩን አስሮ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፤
ለራሱ ኮት ብቻ።

«ምን ሆነብህ?» ብዬ ጻፍኩ፤ ጆሮ የለውም ሰውዬው፣
አርባ ዓመት ግንድ ሲሰነጥቅ መጋዙ ነው የበላው።
እርሳሱን ከእጄ ወሰደ፤ ጥቂት አሰበና ጻፈ፦
«ግራው ይበርዳል።»

የደንበኛ ሁሉ ስሞታው የጆሮ ነው፤ አውቀዋለሁ፤
«ሻከረብኝ»፣ «አጉረመረመ»፣ «ከፍ ሳደርገው ይሰነጠቃል» ሲሉ ሰምቻለሁ።
በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ
በመዳፉ የሰማ ሰው
ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ክዳኑን ፈትቼ ለኮስኩት፤ አንድ ደቂቃ ታገስኩ።
አራት ቲዩብ። ሦስቱ ጋሙ፣ ክራቸው ፍም መሰለ፤
አራተኛው፣ በግራ በኩል፣
በግድ እንደ ነቃ ተማሪ ዓይኑን ገለጥ አርጎ ዋለለ።
በርዷል ብዬ እጄን ወደ እግሩ ብሰድ
ሶኬቱ ለበለበኝ!
ላዩ ውርጭ፣ ታቹ እሳት።

ኔስቶሪ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሙያውን ያወረሰኝ፣
«ንክኪ በላላበት ቦታ ሙቀት ቤቱን ይስታል» ይለኝ።
ለራስ የተላከው እሳት እግር ስር ይቀራል፣
ራሱ ይቀዘቅዛል።

እስኪበርድ ጠብቄ ነቀልኩት። ፒኖቹ
እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል።
ቬይኮ ሳቀ፤ ሐፍረት ያለው ሳቅ። ጻፈ፦
«ልጄ ነው፣ ከታምፔሬ፣ ለገና ያመጣልኝ፤
መርፌ ሙሉ ቅባት፣ የሁለት ወር ማገዶዬ ዋጋ።
ድምፁን ይከፍተዋል አባዬ፣ ብሎ ጻፈልኝ።»
ለማን? ብዬ አልጠየቅኩም።

ልጁ ቸር ነው፤ አልቆጠበም፤ ውስጥ ውጩን ለቅልቆታል።
ማርም ሲበዛ ይመራል፤
ቅባትም ከእሳት ጋር ዓመት ከከረመ ቫርኒሽ ይሆናል።

እናም አልኮል፣ የጥርስ እንጨት፣ የተማሪ ላጲስ፤
አንድ አንዱን ፒን ማሸት፣ ብረቱ ዓይኑን እስኪገልጥ።
የሶኬቱን ልል ከንፈር በመርፌ ጫፍ ማጥበቅ፤
ጠብታ ዘይት፣ ወዲያው መጥረግ፣
ያልተቀባ እስኪመስል ድረስ ማድረቅ።
ይኸው ነው ሕክምናው። ስምንት ዩሮ።

መልሼ ሰካሁት። ጋመ። ቬይኮ ጓንቱን አወለቀ፣
መዳፎቹን ሳያስነካ ግራና ቀኝ ዘረጋ፣
ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ዝም፤ ሙዚቃ እንኳ አልከፈትኩም።
ብዙ ቆየ።
«እኩል ናቸው» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል፦
«ሄልቪ በግራ ነበር የምትቀመጠው።»

ሄደ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጓንት ቀረ።
በሩን ከፍቼ «ቬይኮ!» አልኩ፤ ደግሜ ጮህኩ፤
ወይ የኔ ነገር!
በሸሚዝ፣ በዚያ ውርጭ፣ በረዶው እያንሸራተተኝ
ሮጬ ደረስኩበት፤
ትከሻውን ነካሁት።