ወክ

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ገደራ ዳርቻ፣
የማቀዝቀዣው መጋዘን በር ላይ እኔና አንድ አምፖል ብቻ።
ደሞዜ ለመንቃት ነው። ካሜራው ሲያዛጋ
እኔ ዓይኔን አልከድንም፣ እስኪነጋ።

ኦሽራት በመጨረሻው አውቶቡስ መጣች፣
ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለች።
«አባ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ አንዱ ሰደበኝ።»
«ምን ብሎ?»
«ወክ ነሽ አለኝ።»

ሳቅሁ። ወክማ አውቀዋለሁ፤
ሸክላ ተሸክመን ጎንደር ገበያ ስንወጣ ሰምቼዋለሁ፤
የከተማ ጎረምሶች ፀጉራቸውን አበጥረው
ፒያሳን ሽቅብ ቁልቁል፣ «ወክ እናድርግ» ተባብለው።
«መራመድ ምን ስድብ አለው?» አልኋት።
አልሳቀችም። «መራመድ አይደለም፣ መንቃት ነው።»
ወንበር ሳበች።

«አሜሪካ ውስጥ፣ ድሮ፣ ጥቁሮቹ የሚባባሉት ነበር፤
በማያውቀው ከተማ ለሚያድር፣ በጨለማ ለሚሻገር፣
'አደራ፣ ነቅተህ' ብሎ ቃል መቋጠር፣
ስንቅ እንደማሰር።
ከዚያ ቃሉ ከቤቱ ወጣ፣ ካናቴራ ላይ ታተመ፣
ሰልፍ ወጣ፣ ሱቅ ገባ፣ ኮሰሰ፣ ታመመ፤
አሁን የሚጠሉት ናቸው አፋቸው ላይ የሚያኖሩት፣
እንደ ምራቅ የሚተፉት።»

ዝም አልሁ። ያንን ቃል በሌላ ልብስ አይቼዋለሁ።
በደርግ ጊዜ ካድሬው ሜዳ ላይ ሰብስቦን፣
«ንቃ! ተደራጅ! ታጠቅ!» እያለ ሲያስጮኸን፤
አጎቴ ዳኘው «አልነቃም» ተብሎ ታሰረ፣
በዓመቱ «ነቅቷል» ተብሎ በዚያው ቀረ።

ወክ ያደረግነው እኛ ከዚያ ወዲያ ነው፤
ወደ ሱዳን፣ ቀን በቁጥቋጦ ሥር፣ ሌሊት በእግር፣
ታላቄ ይስማው ከኋላዬ «አትተኛ» እያለ
ትከሻዬን ሲነካኝ ነበር።
በሦስተኛው ሳምንት መንካቱን ተወ።

ተረከዜ እስካሁን እንደነቃ ነው። ቅባት አይዘልቀውም።

እናቴ ሸክላ ከእሳት ስታወጣ
በጣቷ ኳ፣ ኳ አድርጋ ታዳምጥ ነበር፤
ድምፁ የሻከረውን ከአጥሩ ሥር
ለብቻው ትደረድራለች።
«የነቃ አይሸጥም» ትላለች።

ይህን ለኦሽራት ነገርኋት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፣
አማርኛዋ እስኪደርስበት፤
ከዚያ በዕብራይስጥ ፊደል፣ በተሳሳተ ድምፅ፣
ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጻፈችው።

ስልኬ ጮኸ። ታናሿ ሊዮር፣ ከጓደኛው ቤት ሊወጣ ነው።
«መታወቂያህን ይዘሃል? በዋናው መንገድ ና።
እጅህን ከኪስህ አውጣ። ፖሊስ ብታይ እንዳትሮጥ።
ዓይንህን ክፈት፣ ሰማኸኝ?»
የዘወትሩን ነው ያልሁት።

ኦሽራት ቀና ብላ አየችኝ፣ እስክሪብቶዋ አየር ላይ እንዳለ።
«ምነው?» አልኋት።
«ምንም» አለች።
አምፖሉን ትንኝ ይዞረዋል። ካሜራው አዛጋ።
ሊነጋ ገና አራት ሰዓት ይቀረው ነበር።