የነጥብ ጸሐፊዋ ደብተር

በኒው ሆልዴን፣ ሚኒሶታ፣ የሜዳው በር ሰሌዳ ሲመረቅ

አራት መቶ ሰባት ነፍስ፣ አንድ የእህል ጎተራ፣
ባቡር ሳይቆም የሚያልፈው፣ ካርታ የማይጠራው ስፍራ፤
በግራ አጥሩ መቃብር፣ በቀኝ አጥሩ በቆሎ፣
መሐሉ ላይ ሜዳው አለ፣ በኖራ መስመር ተከልሎ።

እኔ ከሽቦው ኋላ፣ ከአሮጌዋ ወንበር፣
ሠላሳ ስምንት በጋ፣ በእርሳስና ደብተር፣
የመታውን «መታ»፣ የጣለውን «ስህተት»፣
ጽፌያለሁ ሳላዳላ፣ ለልጄም ለጎረቤት።

ዛሬ የአራት ሰው ስም በሩ ላይ ሲሰቀል አያለሁ፤
«አንቺ ነሽ የምታውቂያቸው፣ ተናገሪ» ተብያለሁ፤
ቁጥር እንጂ ንግግር መች ይዤ አውቃለሁ?

ሊየንደር ክሮንባከር፣ ግራኙ ወርዋሪ፣
ንጋት ላይ የወተት ቦቴ አሽከርካሪ፤
ኳሷ ከጣቱ ስትወጣ ቀጥ ብላ ትመጣና፣
መቺው ደጅ ስትደርስ፣ ዕቃ እንደረሳች ሴት
ትታጠፋለች እንደገና።

ዱዌን ኒሁስ ተቀባዩ፣ ብረት በያጁ፤
አንድ ቀጥ ያለ ጣት ብቻ ነው የቀረው በቀኝ እጁ።
ሲጨብጥህ የተቋጠረ ሥር የያዝክ ይመስልሃል፤
በዚያች በቀረችው ጣት ግን፣ ለሊየንደር
ገና ያልተወረወረውን ይነግረዋል።

ቲልማንና ኦርቪን ሼፈርስ፣ የአንድ እናት ልጆች፣
በአባት መሬት ተካስሰው የዘጠኝ ዓመት ባለጋራዎች፤
ቤተ ክርስቲያን አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሲቀመጥ፣
ቄሱ «ሰላም ተሰጣጡ» ሲሉ፣ የሁለቱም አንገት ሲገላመጥ።
ሜዳ ላይ ግን፣ መሬት ለመሬት የመጣች ኳስ፣
ከቲልማን ወደ ኦርቪን፣ ሳይተያዩ፣ ቃል ሳይተነፈስ፣
ሁለት ሰው በአንድ ትንፋሽ ከጨዋታ ታስወጣለች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመሐላቸው የተናገረች
እሷ ብቻ ነበረች።

አልሮይ ፉክስ ደግሞ ዛሬ እዚህ የለም።

ነሐሴ ነበር፣ የወረዳው ፍጻሜ፣ ዘጠነኛው ዙር፣ ሊመሽ ሲል፤
የመታትን ኳስ ዓይኔ እስከ ግራው አጥር ሸኛት፤
ከአጥሩ ወዲያ መስቀልና ሣር፣ ማንም ፈልጎ አላገኛት።
ሠላሳ ዓመት አለፈ። ባለፈው ጥር አልሮይ ሞተ፤
ምድሩ ድንጋይ ነበር፣ በእሳት እየሞቀ ተከፈተ፤
ከጉድጓዱ ጥግ አንዲት ኳስ፣ ቆዳዋ የበሰበሰ፣
ስፌቷ ተተርትሮ፣ ክሯ ከሥር የተላወሰ።
«የሱው ናት፣ ስትጠብቀው ኖረች» ብሎ ከተማው አለቀሰ።
ከደረቱ ላይ አኖሯት።

እኔ ማታ ደብተሬን ገለጥኩ።
በዚያ በጋ ብቻ አሥራ አንድ ኳስ ግራውን አጥር ዘሏል።
የአልሮይዋን ደግሞ ዓይኔ ያውቃታል፤ ከጥዱ ወዲያ ነው የወደቀችው፣
መቃብሩ ከቧንቧው አጠገብ፤ ስድሳ እርምጃ ይርቃል።
መነጽሬን አወለቅሁ። ደብተሩን ዘጋሁት።
በሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ስህተት አየሁና
ሳልጽፈው ተውኩት።

ግጥሚያ እንጂ ግጥም አላውቅም፤ ይህን ያህል ግን ገብቶኛል፦
ከቤት ተነስቶ፣ ሦስት ማረፊያ ዞሮ፣
ቤቱ የተመለሰ ይቆጠርለታል።
መንገድ ላይ የቀረውን የምጽፍበት ሣጥን ጠባብ ነው፤
ባዶ ግን አይደለም።

አልሮይ ፉክስ፣ ነሐሴ፣ ዘጠነኛው ዙር፦ ቤት መታ።
ኳሷ የት እንደ ወደቀች የሚጻፍበት ዓምድ የለም፤
ስለዚህ አልዋሸሁም።
አልዋሸሁም።

ትንኙ በዝቷል፤ መብራቱም የሚከፈልበት በሰዓት ነው።
ቲልማን፣ ጨርቁን በዚያ በኩል ያዝ።
ኦርቪን፣ አንተ በዚህ።
ሳቡት።