የድራጎ ጆሮ

አራተኛ ጊዜው ነው፤ በሬ ከማጠፊያው ተነቅሎ
ጎረቤት ጓሮ ተገኘ፣ እንደ ሰከረ ሰው ተንጋሎ።
በፑንታ አሬናስ ጌታው ነፋስ ነው፤ ቆብ ይወስዳል፣ ቆርቆሮ ይወስዳል፤
መንገደኛው ምሰሶ አቅፎ ይቆማል፣ እሱ ጉዳይ እንዳለው ሰው አልፎ ይሄዳል።
በያጁን ጠራሁት፤ «ማክሰኞ» አለኝ። ማክሰኞ መጣ፣ ማክሰኞ ሄደ፤
በሩን በገመድ አስሬ ባድር፣ ገመዱም በተራው ነጎደ።

እኔ ኤዴልሚራ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት በወደቡ የጭነት መዝገብ ላይ ኖርኩ፤
የማውቀው እርሳስ ነበር፤ በስድሳ አንድ ዓመቴ እሳት ልገዛ ወጣሁ፣ ገዛሁ፣ ተሸከምኩ።
የዳቦ ሣጥን የምታክል ቢጫ ማሽን፣ ገመዷንና ማሳዋን፤
ሻጩ ልጅ «ለባልሽ ነው?» ቢለኝ፣ «የለም፣ ለበሬ» ብዬ ቆጠርኩለት ዋጋዋን።

ድራጎ አጥሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር፤ «ይሰማ» ነው ያልኩት፣ «ያይ» አላልኩም፤
አርባ ዓመት የመርከብ ሆድ ሰፍቶ፣ ሞራ ዓይኑን ጋርዶት፣ ዛሬ ሰውና ምሰሶ አይለይም።
«ስንት ላይ ነው ማሽኑ?» «መቶ ሃያ።» «ቱቦላሬው ስስ ነው፤ ዝቅ አድርጊው።
ቀለም ላይ ደግሞ አይበየድም፤ በፍሌክስ እስኪያበራ ላጪው።»

ጫርኩ፣ እንደ ክብሪት። ብልጭ አለ፤ ኤሌክትሮዱ ተጣበቀ።
ጎተትኩት፤ ከነብረቱ ተነሣ፤ ማሽኑ አጉረመረመ፣ ክንዴ እስከ ትከሻው ተጨነቀ።
«ጠምዝዘሽ አላቂው፣ አትለምኚው» አለ ከአጥሩ ማዶ፤
ሦስተኛው አልተጣበቀም፤ አውራ ጣት የሚያሾልክ ጉድጓድ ተወ፣ ብረቱን እንደ ጨርቅ ቀድዶ።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭንብሉን ሳልጥል ጫርኩ።
ማታ ዓይኔ አሸዋ ሞላ፤ ድንች ቆራርጬ ሽፋሽፍቴ ላይ ደርድሬ አደርኩ።
«ድንች ለሾርባ ነው» አለኝ ጠዋት።
ሌላ አልተናገረም።

የመጀመሪያ ስፌቴ፣ እውነቱን ልናገር፣ የባሕር ወፍ ኩስ መሰለኝ፤
ድራጎ በጣቱ ዳሰሰና «ወፏ ደህና ናት?» አለኝ።
ባለሦስት እግር ዱካ ሠራሁ፤ አንዱ እግር አጠረ፤ ሁለቱን ቆረጥኩ፤ አሁን እሱ ረዘመ፤
እንዲህ ስቆርጥ፣ ስቆርጥ፣ ዱካው መሬት ሳመ።

«ዓይንሽን ተዪው» አለ አንድ ቀን። «ዓሣ ስትጠብሺ ዘይቱ መጋሉን በምን ታውቂያለሽ?»
«በድምፁ።»
«ታዲያ! ቢንተባተብ ርቀሻል፤ ቢታፈን ተጭነሻል፤
ሳያቋርጥ ከተንቸሰቸሰ፣ ያኔ ገና መበየድ ጀምረሻል።»

በታኅሣሥ፣ ፀሐይ መግባት በምትረሳበት ወር፣ በሩን አቆምኩ።
ማጠፊያውን በሁለት ነጥብ ያዝኩት፤ አዘመመ፤ ፈልቅቄ አነሣሁት፤ እንደገና ያዝኩ።
ድራጎ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ከጆሮው ከፍ አድርጎ።
ጭንብሉን ጣልኩ። ዓለም ጠፋች።
ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ኩሬ ብቻ ቀረች፤
ቀስ ብዬ ነዳኋት፤ ከኋላዋ ብረት ከብረት እየተዋደደ ይረጋል፤
ዘይት ላይ ዓሣ፣ ዘይት ላይ ዓሣ።

ቅርፊቱን በመዶሻ መታሁ፤ እንደ ዕንቁላል ልጣጭ ተፈነጠረ፤
ከሥሩ ግራጫ፣ ሞገድ ሞገድ የሠራ ጅማት ነበረ።
ድራጎ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ደብዳቤ እንደሚያነብ።
መሃል ላይ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና እዚያው ቆመ።
«እዚህ ጋ ተንፍሰሻል።»
ተንፍሼ ነበር።
«ይይዛል?» አልኩት።
«እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ? ነፋሱ አለ አይደል?»

ሌሊት መጣ፣ ከምዕራብ፣ ጣራ ለጣራ እየተንኳኳ፤
በካልሲ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። በሩ ይንቀጠቀጣል፣ ያቃስታል፣
ቦታውን ግን አልለቀቀም።
ማዶ የድራጎ መስኮት፣ በዚያ ብርድ፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል።
መብራት የለውም፤ ምን ያደርግለታል?
ያዳምጣል።